የኮሌስትሮል መድኃኒታችሁ ቫይታሚን ዲን ይነካ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

«ይሄ የኮሌስትሮል ክኒን ቫይታሚን ዲዬን እየጨረሰው ነው መሰለኝ።» በፋርማሲ መስኮት በኩል ደጋግሜ የምሰማው ነገር ነው። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ በአንድ እጁ የላብራቶሪ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ላይ ቫይታሚን ዲ ከሚለው አጠገብ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት አለች። በሌላ እጁ የክኒኑን ፓኮ ይዟል። ሁለቱን ራሱ አገናኝቶ ነው የመጣው። አንዳንዱ ደግሞ ክኒኑን ካቆመ ሰንብቷል። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ መልሱን አላዘገይም። በብዛት የሚታዘዙት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ስታቲኖች ናቸው። እነሱ ቫይታሚን ዲን ዝቅ እንደሚያደርጉ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ቫይታሚን ዲን የሚቀንሱ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ግን አሉ። እነሱም ሐሞትን አንጀት ውስጥ ይዘው የሚያስወጡት ናቸው። የትኛውን እንደምትወስዱ ካላወቃችሁ የቀረው ምክር ሁሉ አይጠቅማችሁም።

ፓኮውን አዙሩት

ከፊት በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ አምራቹ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። እሱን ተዉት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ፤ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም እሱ ነው። እናቴ ሮሱቫስታቲን ትወስዳለች፤ ስሙን ግን ጠርታው አታውቅም። ለእሷ «ትንሿ ሮዝ ክኒን» ናት። አንድ ጊዜ አምራቹ ተቀየረና ክኒኗ ነጭ ሆና መጣች። እናቴም «የኔን አልሰጡኝም» ብላ ሳትወስድ ዋለች። መድኃኒትን በቀለም ማወቅ እዚህ ጣጣ ውስጥ ይከታል። ስሙን በወረቀት ጻፉት፣ ወይም ፓኮውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ስሙ መጨረሻው «ስታቲን» ከሆነ ቤተሰቡ ታውቋል። አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ፕራቫስታቲን ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ፓኮው ላይ ሁለት ስም ካያችሁ፣ ለምሳሌ አንዱ ስታቲን ሌላው ኢዜቲማይብ ከሆነ፣ አንድ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ ማለት ነው። ፌኖፋይብሬት ወይም ጄምፋይብሮዚል የሚል ከሆነ በተለይ ትራይግሊሰራይድ ለሚባለው ስብ የሚሰጥ ነው። ኮሌስታይራሚን፣ ኮሌስቲፖል ወይም ኮሌሴቬላም የሚል ካያችሁ ግን እዚህ ጽሑፍ ላይ ቆየት በሉ። የእናንተን ጉዳይ ለብቻው አመጣዋለሁ።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የቀይ እርሾ ሩዝ የሚባል ማሟያ አለ። ውስጡ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላል። ሞናኮሊን ኬ ማለት ሎቫስታቲን ራሱ ነው። ከስታቲን ሸሽቶ ወደዚህ የሄደ ሰው ሳያውቀው መጠኑ ያልተለካ ስታቲን እየወሰደ ነው። ሐኪም ካዘዘው ስታቲን ጋር ደርቦ ከወሰደው ደግሞ ይብሳል።

ስታቲን ለምን ተጠረጠረ?

ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኮሌስትሮልና ቫይታሚን ዲ እውነትም አንድ ምንጭ ይጋራሉ። ቆዳችን ውስጥ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከፊቱ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንድ ኢንዛይም ካገኘው ኮሌስትሮል ይሆናል። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ካገኘው ደግሞ ቅርጹ ተለውጦ በሰውነት ሙቀት ቫይታሚን ዲ3 ይሆናል። ከዚያ ጉበት አንድ ጊዜ ይለውጠዋል፤ ኩላሊት ደግሞ ሥራ ላይ ወደሚውለው ቅርጽ ያደርሰዋል።

ስታቲን የሚያግደው ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ያለው ሁለቱ መንገዶች ከመለያየታቸው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ወንዝን ከላይ የገደበ ሰው ታች ያሉትን ሁለት ቦዮች አብሮ ያደርቃል። ስለዚህ «ኮሌስትሮል ከቀነሰ ቫይታሚን ዲም መቀነሱ አይቀርም» ብሎ ማሰብ አሳማኝ ይመስላል።

የሰዎች ደም ሲለካ የታየው ግን ይህ አይደለም። ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ምንም ለውጥ አላገኙም። ሌሎቹ፣ በተለይ በሮሱቫስታቲንና በአቶርቫስታቲን ላይ የተሠሩ፣ እንዲያውም ቫይታሚን ዲ ከፍ ብሎ አግኝተዋል። የተፈራው መውረድ በተከታታይ ጥናቶች አልታየም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ስታቲን ዋና ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው። ሮሱቫስታቲንና ፕራቫስታቲን ደግሞ በተለይ ጉበት በራሱ ማጓጓዣ ስቦ የሚያስገባቸው ናቸው። ቆዳ የራሱን ኮሌስትሮል እዚያው ይሠራል። በዚያ ላይ ቆዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ጥሬ ዕቃው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ከፍ የማለቱን ነገር በተመለከተ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ሲዋይፒ 3ኤ4 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ቫይታሚን ዲንም አንዳንድ ስታቲኖችንም ስለሚያፈርስ ነው የሚል ነው። ሁለቱ ሲሻሙ ቫይታሚን ዲ ትንሽ ይተርፋል ማለት ነው። ይህ ለአቶርቫስታቲን ይሠራ ይሆናል። ሮሱቫስታቲን ግን በዚህ ኢንዛይም እምብዛም ስለማያልፍ ማብራሪያው ለእሱ አይበቃም።

ሰው በግልባጩም ይጠይቀኛል። «ቫይታሚን ዲ ብወስድ የኮሌስትሮል ክኒኔን ያዳክምብኛል?» እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት አቶርቫስታቲን ለሚወስዱ ሰዎች በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሰጥቶ ነበር። ደም ውስጥ ያለው የአቶርቫስታቲን መጠን ቀነሰ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ወረደ። እናም ሁለቱን በአንድ ሰዓት መዋጥ ችግር የለውም። እናቴም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምትወስደው።

ዱቄት የምትወስዱ፣ ይሄ የእናንተ ነው

አሁን ወደ ኮሌስታይራሚንና ዘመዶቹ እንምጣ። ኮሌስታይራሚን ዱቄት ነው። ኮሌስቲፖል በጥራጥሬም በክኒንም አለ። ኮሌሴቬላም ትልልቅ ክኒን ሆኖ ወይም በዱቄት መልክ ይመጣል። እነዚህ ወደ ደም አይገቡም። አንጀት ውስጥ ቀርተው ሐሞትን ይይዛሉ፤ ይዘውትም በሰገራ ይወጣሉ። ጉበት የጎደለበትን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ኮሌስትሮሉ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ ሐሞት ሌላም ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ስብንና በስብ የሚሟሟ ቫይታሚንን ከአንጀት ወደ ሰውነት የሚያስገባው እሱ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በዚህ ውስጥ ናቸው። ሐሞቱ ተይዞ ከወጣ እነሱም አብረው ይወጣሉ። ኮሌስታይራሚንን ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን በወሰዱ ሰዎች ላይ ከቫይታሚን ዲ እጥረት የመጣ የአጥንት መለስለስ ታይቷል። በቫይታሚን ኬ እጥረት የመጣ መድማትም ታይቷል። ኮሌሴቬላም በዚህ በኩል ለዘብ ይላል፤ ጥንቃቄው ግን አይቀርም።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ጠዋት ዱቄቱን በብርጭቆ ይበጠብጣሉ። ከዚያ የግፊቱን፣ የታይሮይዱን፣ የቫይታሚን ዲውን ክኒን ሁሉ በዚያው ብርጭቆ ይውጣሉ። «አንድ ጊዜ ልገላገለው ብዬ ነው» አሉኝ። ቫይታሚን ዲ በትጋት እየወሰዱ ውጤታቸው ንቅንቅ አላለም ነበር። «አባባ፣ ዱቄቱ እኮ ሌላውን መድኃኒት ይዞት እየወጣ ነው» አልኳቸው። ክኒኖቹን ለየናቸው፤ የመድኃኒቱን ዓይነት አልነካንም፣ ሰዓቱን ብቻ።

ደንቡ ይኸው። ኮሌስታይራሚን የሚወስድ ሰው ሌላ መድኃኒት የሚወስደው ከዱቄቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ከዱቄቱ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ኮሌሴቬላም ከሆነ ቫይታሚኑን ከእሱ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ይመረጣል። ዱቄቱን በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቫይታሚን ዲውን ጠዋት ከቁርስ ጋር ውሰዱት። ዱቄቱ ጠዋትና ማታ ከሆነ የእኩለ ቀኑን ክፍተት ተጠቀሙ። ለምሳሌ ዱቄቱ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ቢሆን ቫይታሚን ዲው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከምሳ ጋር ይሆናል። ከሁለቱም ወገን ስድስት ስድስት ሰዓት ይርቃል።

ሰዓት የመለየቱ ነገር ለቫይታሚን ብቻ አይደለም። ለታይሮይድ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን፣ ስታቲኑ ራሱም ሳይቀር በዱቄቱ ይያዛሉ። በተለይ ዋርፋሪን የምትወስዱ ዱቄቱን ስትጀምሩም ስታቆሙም ሐኪማችሁ ይወቅ። የቫይታሚን ኬ መጠን ሲለዋወጥ የደም መርጋት ልኬታችሁም አብሮ ይለዋወጣል።

ኮሌስታይራሚን ለኮሌስትሮል ብቻ አይታዘዝም። የሐሞት ቧንቧ ችግር ላለባቸው ሰዎች ለማሳከክ ይሰጣል፤ ለአንዳንድ የተቅማጥ ዓይነትም ይሰጣል። የሐሞት ቧንቧ ችግር ያለበት ሰው ድሮም ወደ አንጀቱ የሚደርሰው ሐሞት ትንሽ ነው። ዱቄቱ ሲጨመርበት እጥረቱ ይደራረባል። እንዲህ ያለ ሰው ቫይታሚን ዲውን በየጊዜው ማስለካት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ ካልጠየቀው እሱ ይጠይቅ።

ስለቀሩት ብዙ የምለው የለም። ኢዜቲማይብ አንጀት ላይ ስለሚሠራ ሰው ይጠራጠረዋል። ሲጠና ግን ደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኢ አልለወጠም። እንደ ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ ያሉት መርፌዎችም ሐሞትን አይዙም። አንድ ከዚህ ቤተሰብ ውጭ የሆነ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ መድኃኒት አለ። ኦርሊስታት ይባላል፤ ክብደት ለመቀነስ ይወሰዳል። ስብ እንዳይገባ ስለሚከለክል ቫይታሚን ዲንም ይቀንሳል። እሱን የምትወስዱ ቫይታሚናችሁን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቁት፤ ማታ ስትተኙ ቢሆን ይቀላል።

የላብራቶሪውን ወረቀት ማንበብ

መጀመሪያ የተለካው ምን እንደሆነ እዩ። መለካት ያለበት 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ነው። 1፣25 የሚል ካያችሁ እሱ ሥራ ላይ የሚውለው ቅርጽ ነው፤ ለእጥረት መለያ አይሆንም። ሰውነት እጥረት ሲገባበት ይህኛውን ጠብቆ ለማቆየት ስለሚታገል እጥረት እያለም ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል።

ቀጥሎ መለኪያው። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፤ ሌላው በናኖሞል በሊትር። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 2.5 ናኖሞል በሊትር ነው። አንዲት ሴት የዘንድሮዋ ውጤት 55፣ የአምናዋ 24 ሆኖ «እጥፍ ሆነልኝ» ብላ ተደስታ መጣች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። የዘንድሮው በናኖሞል፣ የአምናው በናኖግራም ነበር። 55 ናኖሞል ወደ ናኖግራም ሲመለስ 22 ነው። ምንም አልጨመረም።

ከዚያ ልኩ። የአሜሪካው የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት 20 ናኖግራም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፣ ከ12 በታች ግን እጥረት ነው ብሏል። በዚያው ዓመት የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች ማኅበር 30ን እንደ በቂ ወለል አስቀምጦ ነበር፤ በ2024 መመሪያው ግን ይህን ቁጥር ትቶታል። ብዙ ላብራቶሪ እስካሁን 30ን ይጠቀማል። ስለዚህ ውጤታችሁ 26 ሆኖ አጠገቡ ቀስት ቢኖር ቀስቷን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። 9 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለላብራቶሪው ንገሩ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የቫይታሚን ዲን ውጤት በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ያለው እጥረት ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው።

የስታቲኑን ጉዳይ ለራሳችሁ ማጣራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ውጤት ፈልጉ። ስታወዳድሩ ወቅቱ ይመሳሰል። ፀሐይ በደንብ ከሚወጣበት ወቅት በኋላ የተለካን ከደመናማው ወቅት በኋላ ከተለካ ጋር ብታነጻጽሩ ልዩነቱን ያመጣው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። መጠን ከቀየራችሁም ሦስት ወር ያህል ሳትቆዩ ድጋሚ አታስለኩ። ደም ውስጥ ያለው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ አዲስ ልክ ላይ ለመርጋት ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል።

ዝቅ ካለ፣ ስታቲኑን ከመክሰስ በፊት

ስታቲን የሚታዘዝለትን ሰው አስቡት። ብዙ ጊዜ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ክብደት ሊኖረው ይችላል። ስኳር ወይም ግፊት ሊኖርበት ይችላል። ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ የሚውል ነው። አሁን ደግሞ ቫይታሚን ዲ የሚያንሰውን ሰው አስቡት። ያው ሰው ነው። ለዚህ ነው ስታቲንና ዝቅተኛ ቫይታሚን ዲ አንድ ላይ የሚገኙት። ሁለቱን ያገናኛቸው ክኒኑ ሳይሆን ዕድሜውና አኗኗሩ ነው። መስኮቱ ላይ ይህን ስናገር ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያስብና «እውነትሽን ነው» ይለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ፀሐይ ቆዳዬን ያገኘዋል ወይ? በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን አያሳልፍም። ጠቆር ያለ ቆዳ ያው መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሜላኒን ጨረሩን ስለሚውጠው ነው። በዕድሜ የገፋ ቆዳ ውስጥ ደግሞ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮሉ ራሱ ይቀንሳል፤ የመሥራት አቅሙ ከወጣት ቆዳ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። የሰውነት ስብ ብዙ ከሆነም ቫይታሚኑ ስቡ ውስጥ ስለሚሰራጭ ደም ውስጥ አንሶ ይታያል።

ከዚያ የቀሩትን መድኃኒቶቻችሁን ተመልከቱ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል፣ ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ቫይታሚን ዲ ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ከዚህ ጋር ይነሳል። የአንጀት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

የጡንቻ ሕመሙስ?

«ስታቲኑ ቫይታሚን ዲዬን አወረደው፣ ለዚያ ነው ጡንቻዬን የሚያመኝ» የሚለውን አሳብ ብዙ ሰው ያምንበታል። ቫይታሚን ዲ ቢወስድ የሚሻለውም ይመስለዋል። ይህ በደንብ ተፈትኗል። ቫይታል የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ ስታቲን የጀመሩ 2,083 ሰዎች ነበሩ። ገሚሱ በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ወሰደ፤ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን። የጡንቻ ሕመም ያጋጠማቸው በሁለቱም ወገን 31 ከመቶ ነበሩ። በሕመሙ ምክንያት ስታቲኑን ያቆሙትም በሁለቱም ወገን እኩል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሳምሰን የተባለ ጥናት ደግሞ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወሰደ። አንዱን ወር ስታቲን፣ ሌላውን ወር አስመሳይ ክኒን፣ ሌላውን ወር ያለ ምንም ክኒን አደረገ። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 ከመቶ ያህሉ አስመሳዩን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ይህን የምነግራችሁ ሕመሙ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሰዎቹ በትክክል ታመዋል። መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ የክኒኑ ኬሚካል አይደለም።

ስለዚህ ካመማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ታይሮይድንም ማየት ተገቢ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ጡንቻን ያሳምማል፣ ኮሌስትሮልንም ከፍ ያደርጋል። ከባድ የቫይታሚን ዲ እጥረትም በራሱ ጡንቻ ያዳክማል፣ አጥንት ያሳምማል፤ ስለዚህ ቫይታሚን ዲውን ማስለካቱ ተገቢ ነው። ሲምቫስታቲን የምትወስዱ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ከታዘዘላችሁ መዋጥ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የስታቲኑን መጠን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ስታቲን መቀየርም ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን አማራጭ ሳያውቀው ነው የሚያቆመው። ሽንታችሁ ጠቁሮ ሻይ ከመሰለና ጡንቻችሁ አብሮ ከደከመ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ቫይታሚን ዲ ልትወስዱ ከሆነ

ለአዋቂ የሚመከረው ዕለታዊ መጠን እስከ 70 ዓመት 600 ዩኒት፣ ከ70 በላይ 800 ዩኒት ነው። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፉ። አንዳንድ ብልቃጥ ላይ መጠኑ በማይክሮግራም ይጻፋል፤ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። ስለዚህ 25 ማይክሮግራም የሚለውና 1,000 ዩኒት የሚለው አንድ ናቸው። ትንሽ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ብትወስዱት በደንብ ይገባል።

የምፈራው ድርብርቡን ነው። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ቫይታሚን ዲ አለ። የካልሲየሙ ክኒን ውስጥ አለ። ሐኪሙ ያዘዘው ደግሞ ለብቻው አለ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ 50,000 ዩኒት የሚይዘው እንክብል ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። በቀን አንድ እየዋጠ የጨረሰ ሰው አይቻለሁ። እኔ ስሰጥ ፓኮው ላይ የሚዋጥበትን ቀን በእስክሪብቶ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ለምሳሌ «እሑድ ብቻ»። እናንተም ለወላጆቻችሁ እንዲህ አድርጉላቸው። ከመጠን ሲያልፍ ካልሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል። የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ኩላሊትም ይጎዳል።

ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱ ይህን ልብ በሉ። መድኃኒቱ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። ብዙ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሲጨመርበት ካልሲየማችሁ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ካልሲየሙ ከፍ ካለ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። የኩላሊት ጠጠር የነበረባችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ቫይታሚን ዲን የስታቲን ምትክ አድርጋችሁ ደግሞ አትውሰዱት። ቫይታል ጥናት 25,871 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሏል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም (ሃርት አታክ) ሆነ ስትሮክን አልቀነሰም። ስታቲን ግን ይቀንሳል። ቫይታሚኑ ለአጥንት ነው፤ ስታቲኑ ለልብ።

ለቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የምትወስዱትን ሁሉ በትክክለኛ ስሙ፣ ከመጠኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ማሟያውንም፣ ለፀጉር የምትወስዱትንም አትርሱ። ያለፉትን የቫይታሚን ዲ ውጤቶች ከነመለኪያቸውና ከተለኩበት ወር ጋር ከሥሩ አስፍሩ። ስታቲን የጀመራችሁበትን ወርም ጨምሩ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ለኔ ዕድሜና ለኔ ሕመም ዝቅተኛ ነው ወይ? ከሆነ ስንት ዩኒት፣ ለስንት ጊዜ ልውሰድ? መቼ ልለካ? ዱቄት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ የቀኑን መድኃኒት ሁሉ በየሰዓቱ እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ጊዜ ካጣ ወረቀቱን ወደ ፋርማሲ ይዛችሁ ኑ፤ ይህ የኛ ሥራ ነው።